ቋሚ አይፒ ለርቀት ግንኙነት፦ ፖርት ተከፍቷል፣ ከውጭ ግን አይገባም

#1 ብርሃን_ቤት

ሰላም ለሁላችሁ፤ ወንድማችሁን እርዱኝ። ከውጭ ሆኜ ማግኘት የምፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዊንዶውስ 11 ፕሮ የተጫነበት ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ባለ 8 ካሜራ ዲቪአር (የካሜራ ምስል መቅረጫ)፣ እና ሊኑክስ ላይ የሚሠራ የፋይል ማስቀመጫ (ኤንኤኤስ)። ሦስቱም በኬብል ከአንድ ብሮድባንድ ራውተር ጋር ተያይዘዋል።

አሁን ያለው አሠራር ይህን ይመስላል፦

ራውተሩ፦ 192.168.1.1፣ ዲኤችሲፒው (ለመሣሪያዎች ቁጥር አዳዩ) ከ192.168.1.2 እስከ 192.168.1.254 ያድላል
ኮምፒውተሩ፦ 192.168.1.5 (ዊንዶውሱ ላይ በእጅ የተሞላ)
ዲቪአርና ኤንኤኤስ፦ አውቶማቲክ
ፖርት ፎርዋርዲንግ፦ 3389 ወደ ኮምፒውተሩ፣ 80 እና 554 ወደ ዲቪአሩ
የራውተሩ ስታተስ ገጽ ላይ የዋን (የውጭው ጎን) አይፒ፦ 100.72.14.9
«የእኔ አይፒ ስንት ነው» የሚል ድረ ገጽ ላይ፦ 203.0.113.40 (የሕዝብ አድራሻዎቹን ለጥንቃቄ ቀይሬ ነው የምጽፈው)

በዋይፋይ ሁሉም ይሠራል። በሞባይል ዳታ ስሞክር ግን ዝም ብሎ ይቆይና «የግንኙነት ጊዜው አልፏል» ይላል። ዲቪአሩ በየጥቂት ቀኑ ከነበረበት አድራሻ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም አልፎ አልፎ ይቆራረጣል። ከአገልግሎት ሰጪው ቋሚ አይፒ ብገዛ ሁሉም ይፈታል?

#2 አባ_ሽቦ

ወንድሜ፣ ቁጥሮቹን እንዲህ ዘርዝረህ ማቅረብህ ሥራውን በግማሽ አቅልሎታል።

«ቋሚ አይፒ» በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። አንዱ የውስጥ ነው፤ መሣሪያዎችህ ከራውተሩ ጀርባ የሚያዙት ቁጥር። ክፍያ የለውም፣ አንተው ታስተካክለዋለህ። ሌላው የውጭ ነው፤ ራውተሩ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ እሱን የሚሰጠው አገልግሎት ሰጪው ብቻ ነው። ግቢ አስብ። የውጭው አድራሻ የግቢው በር ቁጥር ነው፣ የውስጡ የክፍሎቹ ቁጥር ነው፣ ራውተሩ ደግሞ ዘበኛው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ለዘበኛው «3389 ብሎ የመጣ እንግዳ ወደ ክፍል 5 ይግባ» ብሎ መንገር ነው። የክፍሉ ቁጥር ከተቀያየረ ዘበኛው እንግዳውን ባዶ ክፍል ያስገባዋል፤ የበሩ ቁጥር ከተቀያየረ እንግዳው ግቢውን ራሱ አያገኘውም። ስለዚህ የውጭውን ብትገዛም የውስጡ እስካልተስተካከለ ድረስ ዲቪአርህ መጥፋቱን አይተውም።

ዲቪአሩ የሚጠፋው አውቶማቲክ ላይ ስለሆነ ነው። ዲኤችሲፒ አድራሻን የሚሰጠው በውሰት ነው። መሣሪያው የውሰቱ ጊዜ ሲጋመስ እድሳት ይጠይቃል፣ ከታደሰለትም ያንኑ ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። ግን ብዙ የቤት ራውተሮች የውሰት መዝገቡን የሚይዙት መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። ራውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ ቀድሞ የጠየቀ ስልክ የዲቪአሩን ቁጥር ሊወስደው ይችላል።

የኮምፒውተሩ መቆራረጥ ምክንያቱ ሌላ ነው። 192.168.1.5ን በእጅ ሞልተሃል፣ ያ ቁጥር ግን ዲኤችሲፒው ከሚያድላቸው መካከል ነው፤ ራውተሩ አንተ እንደያዝከው አያውቅም። አንዳንድ ራውተሮች አንድን ቁጥር ከመስጠታቸው በፊት ፒንግ አድርገው ያጣራሉ፤ በዚያች ሰዓት ኮምፒውተሩ ተኝቶ ከነበረ ግን መልስ ስለማያገኙ ለሌላ ይሰጡታል። ኮምፒውተሩ ሲነቃ ሁለት መሣሪያ በአንድ ቁጥር ይጋጫሉ። ማረጋገጥ ከፈለግህ በሚቆራረጥበት ሰዓት ከሌላ ኮምፒውተር 192.168.1.5ን ፒንግ አድርግና ወዲያው በትእዛዝ መስኮቱ ላይ «አርፕ -ኤ» (arp -a) በል። ከቁጥሩ ጎን የሚወጣው የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) የኮምፒውተርህ ካልሆነ ወይም ደጋግመህ ስታየው ከተለዋወጠ ግጭት ነው።

አሠራሩን ከነቅደም ተከተሉ ልጻፍልህ። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፣ ከተዛባ ከራውተሩ ገጽ ውጭ ትቀራለህ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ወደ አውቶማቲክ መልሰው። ከዚያ በኬብል ሆነህ ራውተሩ ላይ የላን (የውስጥ ኔትወርክ) አድራሻውን ከ192.168.1.1 ወደ ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት ክልል ቀይር፤ ለምሳሌ 10.73.20.1፣ ማስክ (የክልሉን ስፋት የሚወስነው) 255.255.255.0። ይህን የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ በቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤት በሚዘረጋ የተመሰጠረ ዋሻ) ስትገባ አንተ ያለህበት ቦታም 192.168.1 የሚጠቀም ከሆነ ስልክህ 192.168.1.30ን እዚያው አጠገቡ ይፈልገዋል እንጂ ወደ ቤት አይልከውም። 192.168.0 እና 192.168.1 በየሄድክበት የምታገኛቸው ናቸው።

«ሴቭ» ስትል ገጹ ይቋረጣል፤ አትደንግጥ። የኬብሉን ጫፍ ነቅለህ መልሰው፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ቁጥር ይወስዳል፣ በ10.73.20.1 ትገባለህ። ኮምፒውተሩን አስቀድመህ ወደ አውቶማቲክ ያላስመለስከው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ በአሮጌው ክልል ተዘግተህ ትቀር ነበር።

ቀጥሎ የዲኤችሲፒውን ክልል አጥብበው፦ ከ10.73.20.100 እስከ 10.73.20.199። ከ10 እስከ 49 ያለውን ለቋሚዎቹ ተወው፦ ኮምፒውተር 10፣ ኤንኤኤስ 20፣ ዲቪአር 30። በመጨረሻ ራውተሩ ላይ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» ወይም «ስታቲክ ዲኤችሲፒ» የሚለውን ገጽ ክፈትና የየመሣሪያውን ማክ አድራሻ ከቁጥሩ ጋር አያይዝ። አንዳንድ ራውተር የሚያዘው ቁጥር ከሚያድለው ክልል ውስጥ ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ እንዲያ ካለህ ክልሉን ከ10 እስከ 199 አድርገው፣ የተያዙትን ለሌላ አይሰጥም።

የውጭውን ነገር ለሌሎቹ እተወዋለሁ፤ 100.72 የሚለውን ቁጥር ያየ ሰው ዝም አይልም።

#3 ፓኬቷ

አባ ሽቦ እንዳሉት ዝም ማለት አይቻልም። የተቸገርክበት የውጩ ጉዳይ ከዚያው ቁጥር ነው የመጣው።

ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል በ2012 አገልግሎት ሰጪዎች ለብዙ ደንበኞች አንድ የሕዝብ አድራሻ እንዲያጋሩ ተብሎ የተለየ ነው። ይህ ማጋራት ሲጂናት ይባላል። 100.72.14.9 እዚያ ውስጥ ነው። 203.0.113.40 የሚታየው በአገልግሎት ሰጪው ማሽን ላይ እንጂ ባንተ ራውተር ላይ አይደለም፤ ከማታውቃቸው ደንበኞች ጋር በአንድ በር ትወጣላችሁ ማለት ነው። ከውጭ በ3389 የሚመጣ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) እዚያ ማሽን ላይ ሲደርስ የማን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ስለሌለ ይጣላል። ባንተ ራውተር ላይ ሺህ ፖርት ብትከፍት የሚደርስህ አንዳች ነገር የለም፤ ዘበኛህ በር ላይ ቆሞ እንግዳው ግን ሰፈሩ መግቢያ ላይ ተመልሷል።

ለሌሎች አንባቢዎችም የሚጠቅመው ፈተና ይህ ነው፦ የራውተሩን የዋን አይፒና ድረ ገጹ የሚያሳየውን አወዳድሩ። እኩል ከሆኑ የሕዝብ አድራሻ አላችሁ። ዋኑ በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31፣ ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ከራውተራችሁ በላይ ሌላ ራውተር አለ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ያለው የአገልግሎት ሰጪው ሞደም ነው። እሱን ብሪጅ ሞድ (መስመሩን ብቻ የሚያሳልፍበት አሠራር) ላይ ማድረግ ወይም እሱም ላይ ፖርቱን ወደ ሁለተኛው ራውተር ማሳለፍ ያስፈልጋል። በ100.64 እና በ100.127 መካከል ከሆነ ግን ጉዳዩ ከቤታችሁ ውጭ ነው።

ያለህ ምርጫ ሦስት ነው። አገልግሎት ሰጪውን የሕዝብ አይፒ መጠየቅ፤ ይህ ከሆነ ቀሪው ሁሉ ቀላል ነው። የሚለዋወጥ የሕዝብ አይፒ ብቻ ቢሰጡህም ይበቃል፣ በዲዲኤንኤስ (ቁጥሩ ሲለወጥ አብሮ በሚታደስ) ስም ታያይዘዋለህ። ስትጠይቅ «ቋሚ» ብቻ አትበል፤ «ከሲጂናት ውጭ የሆነ የሕዝብ አይፒ» በል።

ሁለተኛው ውጭ ያለ ትንሽ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ተከራይቶ ከቤት ወደዚያ የዋየርጋርድ (የቪፒኤን ዓይነት) ዋሻ መዘርጋት ነው። ሲጂናት የሚከለክለው ወደ ውስጥ የሚመጣውን እንጂ ከውስጥ የሚወጣውን ስላልሆነ ይሠራል፤ ቤት ባለው ጫፍ ላይ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» 25 ሰከንድ ብለህ ሙላ፣ አለዚያ የናቱ (አድራሻ የሚያጋራው ማሽን) መዝገብ ጊዜው ሲያልፍበት ዋሻው ይደፈናል። ሦስተኛው እንደ ቴይልስኬል ወይም ዜሮቲየር ያለ አገልግሎት ነው፤ ያለ ፖርት መክፈት ይሠራል፣ ለሦስት መሣሪያ ከበቂ በላይ ነው።

#4 ሰንሰለት

ፓኬቷ የጠቀሰችው የቪፒኤስ መንገድ ላይ አንድ ወጥመድ ልጨምር። የዋየርጋርድ ጥሪ ጀማሪው ሰዓቱን አብሮ ይልካል፤ ተቀባዩ ከዚህ በፊት ካየው የዘገየ ሰዓት ከመጣ እንደ ድግግሞሽ ቆጥሮ ይጥለዋል። የሰዓት ባትሪ የሌለው ራውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ አሮጌ ቀን ይመለሳል፣ ዋሻውም ሰዓቱ በኤንቲፒ (ሰዓትን በኢንተርኔት በሚያርም አገልግሎት) እስኪታረም አይከፈትም። ኤንቲፒው በዋሻው በኩል እንዲሄድ ከተደረገ ጭራሽ አይታረምም። ስለዚህ የኤንቲፒ ጥያቄ ከዋሻው ውጭ ይውጣ።

በአንድ ነገር ግን ከአባ ሽቦ ጋር አልስማማም። ለዲቪአር ሪዘርቬሽን አላምንም። ራውተሩ ሪሴት ቢደረግ ወይም ቢቀየር መዝገቡ አብሮ ይጠፋል። እኔ ዲቪአሩ ራሱ ላይ በእጅ እሞላለሁ፤ ራውተር ቢቀየርም ቁጥሩ አይነቃነቅም።

#5 አባ_ሽቦ

ሰንሰለት፣ ያልከው ለዲቪአር እውነት አለው፤ በጅምላ ግን አይሁን። በእጅ የተሞላ ቁጥር የላን ክልሉ በተቀየረ ቀን መሣሪያውን ይደብቀዋል፤ ተቆጣጣሪ ስክሪን የሌለው ኤንኤኤስ ከሆነ ደግሞ ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው። በሪዘርቬሽን ከሆነ ሁሉንም ከአንድ ገጽ ታስተዳድራለህ። የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ዲቪአሩ ላይ 10.73.20.30 በእጅ ሙላ፣ ያንኑ ቁጥር ራውተሩ ላይ በማኩ አስይዝ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይይዘዋል።

በእጅ ስትሞሉ ግን ጌትዌዩን (ወደ ውጭ መውጫውን፣ ማለትም የራውተሩን ቁጥር) አትርሱ። ይህን ስህተት በዲቪአር ላይ የሚሠራው ሰው ብዛቱ! አይፒና ማስክ ተሞልቶ ጌትዌዩ 0.0.0.0 ወይም የአሮጌው ራውተር ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ከውስጥ ሲታይ ሁሉም ደህና ነው፤ በአንድ ሳብኔት (የቁጥር ክልል) ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ለመነጋገር ጌትዌይ አያስፈልጋቸውምና። ከውጭ የመጣው ፓኬት ዲቪአሩ ጋር ይደርሳል፣ ዲቪአሩ ግን መልሱን በየት እንደሚልከው አያውቅም። ሰውየው ሳምንት ሙሉ ፖርት ፎርዋርዲንጉን ሲፈትሽ ይከርማል። አራቱም ይሞሉ፦ አይፒ 10.73.20.30፣ ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 10.73.20.1፣ ዲኤንኤስ 10.73.20.1።

ስልክና ላፕቶፕ ላይ ሪዘርቬሽን የምታደርጉ ደግሞ፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠራ ማክ ይጠቀማሉ። ያስያዛችሁት ማክ እውነተኛው ከሆነ አይገጥምም፤ ለዚያ ዋይፋይ ብቻ የማክ መለዋወጡን አጥፉት።

#6 ብርሃን_ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የውስጡን አባ ሽቦ እንዳሉት አድርጌዋለሁ፤ ዲቪአሩም ኮምፒውተሩም አሁን ቦታቸው ላይ ናቸው። አገልግሎት ሰጪው ቋሚ የሕዝብ አይፒ ፈቅዶልኛል፤ የላኩልኝ ይህን ነው፦

አይፒ፦ 203.0.113.42
ማስክ፦ 255.255.255.252
ጌትዌይ፦ 203.0.113.41
ሁለት የዲኤንኤስ ቁጥሮች

ይህን የት ነው የምሞላው? ኮምፒውተሩ ላይ ነው ወይስ ራውተሩ ላይ? እስካሁን በፒፒፒኦኢ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው የሚገናኘው።

#7 ፓኬቷ

ራውተሩ ላይ ብቻ፣ ኮምፒውተሩን አትንካው። ከመሙላትህ በፊት ግን አንድ ነገር ደውለህ አጣራ፦ መስመሩ ከእንግዲህም በፒፒፒኦኢ ነው ወይስ ወደ «ስታቲክ አይፒ» ተቀይሯል? ሁለት ዓይነት አሰጣጥ አለና። በአንዱ የተጠቃሚ ስሙ ባለበት ይቀጥላል፣ ሲገናኝ ሁልጊዜ ያው አድራሻ ይሰጠዋል፤ አንተ የምትሞላው የለም፣ ራውተሩን ብቻ አጥፍተህ ታበራለህ። በሌላው የዋን ዓይነቱን ወደ ስታቲክ ቀይረህ አራቱን ታስገባለህ። በፒፒፒኦኢ መስመር ላይ ስታቲክ ብትሞላ መስመሩ ይሞታል።

የላኩልህ ማስክና ጌትዌይ የሁለተኛውን ዓይነት ይመስላል። 255.255.255.252 አራት ቁጥር ብቻ ያለው ክፍል ነው፦ 40 የክፍሉ መጠሪያ፣ 41 የእነሱ ጌትዌይ፣ 42 ያንተ፣ 43 የብሮድካስት። ራውተሩ በራሱ 255.255.255.0 ሞልቶ ከጠበቀህ አጥፍተህ ትክክለኛውን ጻፍ። ዲኤንኤሱን ከዘለልከው በቁጥር ፒንግ ይደርሳል፣ ድረ ገጽ በስሙ ግን አይከፈትም፤ ሰው «ኢንተርኔቱ ጠፋ» ብሎ ሁሉንም ይመልሰዋል።

ሳትነካ በፊት የራውተሩን ኮንፊግ ወደ ፋይል አውርድ፣ የአሁኑን የዋን ገጽም ፎቶ አንሳ። የቪላን (መስመሩን የሚለይ) ቁጥር ተሞልቶ ካየህ፣ አትቀይር ካላሉህ በቀር ባለበት ተወው። ይህን ሥራ እዚያው በኬብል ሆነህ ሥራው እንጂ ከርቀት አትሞክር።

ስትጨርስ ስታተስ ገጹ ላይ 203.0.113.42 ማየት አለብህ፤ ድረ ገጹም ያንኑ ማለት አለበት።

ቀጥሎ የምልህን አደራ ስማኝ። አድራሻው የሕዝብ ከሆነበት ደቂቃ ጀምሮ ያ 3389 ክፍት በር ነው። እስካሁን ሲጂናቱ ሳታውቀው ከልሎህ ነበር። ዓለሙን ሙሉ ቀን ከሌት የሚያስሱ ማሽኖች አሉ፣ አዲስ የተከፈተ ፖርት ሳይውል ሳያድር ያገኙታል። በ2019 ብሉኪፕ የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ቀዳዳ በአሮጌ ዊንዶውሶች ላይ ያለ ይለፍ ቃል ያስገባ ነበር፤ በ2016 የሚራይ ቦትኔት የፋብሪካ ይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን ሰብስቦ ነው ያን ያህል ጥፋት ያደረሰው። 3389ን ወደ 33890 መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ያሉት 65,535 ፖርቶች ናቸው፣ አሳሹ ሁሉንም ይቆጥራቸዋል። ሦስቱንም ደንቦች ዛሬውኑ ሰርዝ። የሚከፈተው አንድ ፖርት ብቻ ይሁን፣ እሱም የዋየርጋርድ።

#8 ብርሃን_ቤት

ደወልኩ፤ ስታቲክ ነው አሉ። ሞላሁት፣ ሁለቱም ቦታ 203.0.113.42 ይላል። ሦስቱን ደንቦች ሰርዣለሁ። ራውተሬ ላይ ግን ዋየርጋርድ የሚባል ነገር የለም፤ ኤንኤኤሱ ላይ አለ። በዚያ ይሆናል?

#9 ሰንሰለት

ይሆናል፤ ኤንኤኤሱ ሁልጊዜ የሚበራ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ ቦታ ነው። እንዲህ አድርግ።

ለዋሻው ለብቻው ክልል ስጠው፦ 10.99.0.0/24። ኤንኤኤሱ 10.99.0.1፣ ስልኩ 10.99.0.2፣ ላፕቶፑ 10.99.0.3። ለእያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ ጥንድ ይፈጠር፤ አንድ ቁልፍ በሁለት መሣሪያ ላይ ከጫንክ ሁለቱ ሲበሩ እየተነጣጠቁ አንዱም አይረጋም። ኤንኤኤሱ ላይ ለስልኩ «አላውድ አይፒስ» 10.99.0.2/32 ይሁን። ስልኩ ላይ ደግሞ «አላውድ አይፒስ» 10.73.20.0/24 እና 10.99.0.0/24፣ «ኢንድፖይንት» 203.0.113.42፣ ፖርት 51820። በስልኩ 0.0.0.0/0 ከሞላህ የስልኩ ኢንተርኔት በሙሉ በቤትህ በኩል ይዞራል፤ የቤትህ የመላኪያ ፍጥነት ካነሰ ሁሉም ይንቀራፈፋል።

ራውተሩ ላይ አንድ ደንብ፦ ዩዲፒ 51820 ወደ 10.73.20.20። ዩዲፒ ነው፤ ቲሲፒ ብለህ ከተውከው አይሠራም።

አሁን ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት። ስልኩ ይገናኛል፣ ኤንኤኤሱ ይከፈታል፣ ዲቪአሩ ግን አይከፈትም። ዲቪአሩ ከ10.99.0.2 የመጣለትን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ጌትዌዩ ወደ ራውተሩ ይልካል፤ ራውተሩ 10.99.0.0 የሚባል አገር አያውቅም፣ ወደ ኢንተርኔት ይገፋውና ይጠፋል። ስለዚህ ራውተሩ ላይ «ስታቲክ ራውት» ጨምር፦ መድረሻ 10.99.0.0፣ ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 10.73.20.20። ኤንኤኤሱ ላይም «አይፒ ፎርዋርዲንግ» ይብራ።

አንዳንድ ራውተር ስታቲክ ራውት እያለውም ይህን ይጥላል፤ የውይይቱን መልስ ብቻ እንጂ ጥያቄውን ስላላየ ፋየርዎሉ ይጠራጠራል። እንዲያ ከሆነ ራውቱን ተወውና ኤንኤኤሱ ላይ ማስከሬድ አብራ። ያኔ ዲቪአሩ የሚያየው እንግዳ 10.73.20.20 ይሆናል፣ መልሱንም በቀጥታ ይሰጠዋል። ጉዳቱ ማን እንደገባ በዲቪአሩ መዝገብ ላይ መለየት አለመቻሉ ነው።

#10 ብርሃን_ቤት

ስታቲክ ራውቱን ጨምሬ ኤንኤኤስና ዲቪአር በሞባይል ዳታ ተከፈቱ! ሁለት ነገር ቀርቶኛል። በድረ ገጽ የፖርት መፈተሻ 51820ን ስፈትሽ «ዝግ» ይላል፣ ግን ይሠራል፤ እንዴት? ሁለተኛው፣ ኮምፒውተሩን በዋሻው በኩል ፒንግ ሳደርግ አይመልስም።

#11 አባ_ሽቦ

ለመጀመሪያው፣ ዋየርጋርድ ቁልፉን ላላወቀው ሰው መልስ አይሰጥም። ፈታሹ ድረ ገጽ ቁልፍ ስለሌለው ዝምታ ብቻ ያገኛል። አንተ የምታየው «የመጨረሻ ሃንድሼክ» (ሁለቱ ጫፎች በቁልፍ የተዋወቁበት ጊዜ) የሚለውን መስመር ነው፤ ዋሻውን እየተጠቀምክበት ጊዜው በየሁለት ደቂቃው ገደማ ከታደሰ ደህና ነው።

በነገራችን ላይ በቲሲፒ ለሚሠሩ ነገሮች የስህተቱን ዓይነት ለዩ። «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ተብሎ ወዲያው ከተመለሰ ፓኬቱ አንድ ቦታ ደርሶ መልስ አግኝቷል፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያው ጋ ደርሶ አገልግሎቱ አልበራም ማለት ነው። «ጊዜው አልፏል» ከሆነ ግን መንገድ ላይ ተጥሏል ወይም መልሱ መመለሻ አጥቷል፦ ሲጂናት፣ ፋየርዎል፣ የተሳሳተ ጌትዌይ። የውጭውን አድራሻ ከቤት ዋይፋይ ሆኖ መሞከርም አያስተማምንም፤ ናት ሉፕባክ የሌለው ራውተር ከውስጥ ወደ ራሱ የውጭ ቁጥር የሚሄደውን አይመልስም። ሁልጊዜ በሞባይል ዳታ ፈትሹ።

ለሁለተኛው፣ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። በፕራይቬት ፕሮፋይል የፒንግና የፋይል መጋሪያ ደንቦቹ የሚፈቅዱት ከራሱ ሳብኔት ለሚመጣ ነው፤ 10.99.0.2 ለእሱ ባዕድ ነው። ሪሞት ዴስክቶፑ ግን የራሱ ደንብ ስላለው በቀጥታ ሞክረው፣ ፒንጉ ባይመልስም ሊሠራ ይችላል። ፒንጉን ከፈለግህ ደንቡን ክፈትና «ስኮፕ» በሚለው ውስጥ 10.99.0.0/24ን ጨምር፤ ፋየርዎሉን በሙሉ እንዳታጠፋ። ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ቀይረው። የፕሮ እትም ስላለህ ሪሞት ዴስክቶፕ ይቀበላል፤ ሆም እትም ላይ ያሉ ይህን ሁሉ ሠርተው መጨረሻ ላይ የሚቀበል አገልግሎት የላቸውም።

#12 ብርሃን_ቤት

እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ሪሞት ዴስክቶፑ ያለ ፒንግ ሠራ። ግን በአንድ ቦታ ዋይፋይ ሆኜ ስገባ ይገናኝና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆማል። በሞባይል ዳታ እንዲህ አያደርግም። ደግሞ ኮምፒውተሩ ሌሊት ይተኛል፤ ሁልጊዜ እንዲበራ አልፈልግም።

#13 ፓኬቷ

ጥቁሩ ስክሪን የኤምቲዩ (በአንዴ የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን፣ በባይት) ነው። ትንሽ ፓኬት ያልፋል፣ ስለዚህ ይገናኛል፤ ስክሪኑን የሚያመጣው ትልቁ ፓኬት ግን መንገድ ላይ ይወድቃል። ዋየርጋርድ 1420ን ይወስዳል፣ ይህም 1500 ለሚያሳልፍ መስመር የተሰላ ነው። ያ ዋይፋይ ያለበት መስመር ከዚያ ያነሰ ሊያሳልፍ ይችላል፣ ለምሳሌ ፒፒፒኦኢ የሚያሳልፈው 1492 ብቻ ነው፤ የዋሻው ራሱ ሸክም በአይፒ ስሪት 4 ላይ 60 ባይት፣ በስሪት 6 ላይ 80 ነው። ለጥንቃቄ ትልቁን ሸክም ብንወስድ 1492 ሲቀነስ 80፣ 1412 ይሆናል። በላፕቶፑ ኮንፊግ ላይ «ኤምቲዩ» 1412 ጻፍ። አሁንም ከቆመ 1280 አድርገው፤ ትንሽ ፍጥነት ይወስድብሃል እንጂ በዚያ ቁጥር የማያልፍ መስመር ብርቅ ነው።

ለእንቅልፉ ዌክ ኦን ላን (በኔትወርክ መቀስቀሻ) አብራ፤ ባዮሱ ውስጥም፣ ዊንዶውሱ ውስጥ የኔትወርክ ካርዱ ንብረቶች ላይም። የማንቂያው ፓኬት 102 ባይት ነው፦ 6 ባይት ሁሉም ቢት 1 የሆነ፣ ከዚያ የኮምፒውተሩ ማክ 16 ጊዜ ተደጋግሞ። ብሮድካስት ስለሆነ በዋየርጋርድ ዋሻ አልፎ አይሄድም፤ ስልክህ ላይ ከሚጫን የማንቂያ መተግበሪያ ይልቅ ኤንኤኤሱ ውስጥ ገብተህ ከዚያ ላከው። ኤንኤኤሱ እዚያው ላን ላይ ስለሆነ ይደርሳል። ዋይፋይ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ያንተ ግን በኬብል ነው።

#14 ሰንሰለት

ከመዝጋትህ በፊት ራውተሩ ላይ «ዩፒኤንፒ»ን አጥፋ። አንተ ሦስቱን ደንቦች ብትሰርዝም ዲቪአሩ በዩፒኤንፒ በኩል ራሱ ፖርት ሊያስከፍት ይችላል፤ ዲቪአሩ ሜኑ ውስጥም ያንኑ አጥፋ። «ሪሞት ማኔጅመንት» ወይም «ከዋን መግባት» የሚለውም ይጥፋ፣ የራውተሩ ገጽ በዋሻው በኩል በ10.73.20.1 ይከፈታልሃልና። ዲኤምዜድ (ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ወደ አንድ መሣሪያ የሚያሳልፍ) ላይ የቀረ ቁጥር ካለ ባዶ አድርገው።

አገልግሎት ሰጪህ አይፒ ስሪት 6ም የሚሰጥ ከሆነ የራውተሩ የስሪት 6 ፋየርዎል መብራቱን እይ። በስሪት 6 እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የሕዝብ አድራሻ አለው፣ ናት የለም፤ ከውጭ የሚመጣውን የሚይዘው ፋየርዎሉ ብቻ ነው።

#15 ብርሃን_ቤት

1412 ላይ ስክሪኑ መጣ። ኮምፒውተሩም ከኤንኤኤሱ ሲቀሰቀስ ይነሳል። ዩፒኤንፒውን ሳጠፋ ዝርዝሩ ውስጥ 8000 እና 554 ወደ 10.73.20.30 ተከፍተው አገኘሁ፤ ሰንሰለት ባትነግረኝ አላያቸውም ነበር። ራውተሩን አጥፍቼ አብርቼ ከሞባይል ዳታ ደግሜ ፈተሽኩ፤ 3389፣ 80፣ 554 እና 8000 አራቱም «ጊዜው አልፏል» ይላሉ፣ ዋሻው ግን ይከፈታል።

#16 አባ_ሽቦ

እንግዲያው አዲሱን ኮንፊግ ወደ ፋይል አውርደው፤ ቀድሞ ያወረድከው አሮጌው ፒፒፒኦኢ ያለበት ነው፣ እሱን በስህተት ብትመልሰው መስመሩ ይጠፋል። የፋይሉን ስም በቀን ጻፈው። አራቱን የዋን ቁጥሮች ደግሞ በወረቀት ላይ ጽፈህ ራውተሩ ሆድ ላይ ለጥፍ፤ የሚፈለጉት ኢንተርኔት በጠፋበት ሰዓት ነው።